ሰደፉን ወደ ግራ ትከሻ ማዞር፦ የአንድ የድሬዳዋ ጥበቃ ተሞክሮ

ከአምስተኛው ጥይት በኋላ ኢላማውን ማየት ተውኩ። የምጠብቀው የሚመጣውን ሕመም ብቻ ነበር።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የተኩስ ሜዳ ነበርን። በዓመት አንዴ ጥበቃዎች ሁሉ ኢላማ እንተኩሳለን። ለአንድ ሰው 10 ጥይት፣ ርቀቱ 100 ሜትር። በዚህ ነገር አልታማም ነበር። ስምንትና ዘጠኝ ማግባት ለእኔ ብርቅ አልነበረም። ያን ቀን ግን 4 ብቻ አገባሁ።

ውጤቱ ሲነበብ ጓደኞቼ ዝም አሉ። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጣ አምሳ አለቃ ነው። ሰው ፊት አልተናገረኝም። ወደ ጎን ጠራኝና «አንተ፣ ቃታውን ከመሳብህ በፊት ዓይንህ ይጨፈናል። ትከሻህም ይሸሻል። ምን ሆነሃል?» አለኝ። «አሞኛል» ማለት ከበደኝ። «እንቅልፍ አጥቼ ነው» አልኩት። እንቅልፍ ማጣቴስ እውነት ነበር። በቀኝ ጎኔ መተኛት ካቃተኝ ወራት አልፈው ነበር። ያልነገርኩት ምክንያቱን ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለሚደብቅ ሰው ነው። መሣሪያ ይዘህ የምታድር ከሆነና ትከሻህ የሚያምህ ከሆነ፣ ዝም ብለህ ጥርስህን ነክሰህ አትተኩስ። የሚፈራ ትከሻ ጥይቱን ወዴት እንደሚልከው አይታወቅም። አጠገብህ የቆመው ሰው ደግሞ ይህን አያውቅም።

ዕድሜዬ 46 ነው። አባቴ የሽመንደፈር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ሲቀዘቅዝ እኛ ልጆቹ ያገኘነውን ሠራን። የእኔ ዕጣ ሸክም ሆነ። ጥበቃ ከመሆኔ በፊት ለዓመታት መጋዘን ውስጥ 50 ኪሎ ሲሚንቶና ስኳር ተሸክሜያለሁ። ሁሌም በቀኝ ትከሻዬ። ወጣት ሆነህ ትከሻ ያልቃል ብለህ አታስብም።

ሕመሙ ሲጀምር ትንሽ ነበር። ከትከሻዬ አናት ላይ፣ በአንድ ጣት ተጭነህ «እዚህ ጋ» የምትለው ቦታ። ገላዬን ስታጠብ በቀኝ እጄ ግራ ትከሻዬን መድረስ አቃተኝ። ሸሚዝ ስለብስ ይወጋኛል። ከዚያ ሰደፍ (ትከሻ ላይ የሚያርፈው የጠመንጃው የኋላ ጫፍ) የነካው ቀን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ያንገበግበኝ ጀመር።

መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ጋ ነው። በቅቤ አሸኝ፣ ጎተተኝ፣ ሁለት ቀን እንደ እሳት ተቃጠልኩ። ወጌሻን ንቄ አይደለም። ወለምታ ሲሆን ስንቱን ሰው አድነዋል። ለወራት የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይታሽም። ቀጥሎ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዛሁ ዋጥኩ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም በባዶ ሆድ። ትከሻዬ ትንሽ ዝም ሲል ጨጓራዬ ተነሳ። እባካችሁ ይህን አትድገሙት። ይህ መድኃኒት ጨጓራን ብቻ አይደለም፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

በመጨረሻ የአጥንት ሐኪም ጋ ቀረብኩ። ቀኝ እጄን ይዞ በደረቴ ላይ አሻግሮ ወደ ግራ ትከሻዬ ገፋው። ጮህኩ። «ይኸው፣ እሱ ነው» አለኝ። ራጅ ተነሳሁና አሳየኝ። ትከሻ ሲባል ብዙ ሰው አንድ መገጣጠሚያ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ከአንገት ሥር ተነስቶ ወደ ትከሻ የሚሄደው ቀጭን አጥንት ጫፉ ላይ ከትከሻው አጥንት ጋር ይገናኛል። እዚያ ጋ ትንሽ መገጣጠሚያ አለች። በመካከል ያለው ለስላሳ ነገር አልቋል። ክፍተቱ ጠቧል፣ ጠርዙ ላይ ትናንሽ የአጥንት እሾሆች በቅለዋል። ለዓመታት ሸክም የተሸከመ ሰው ላይ እንደሚያይ ነገረኝ።

«ሥራህ ምንድነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ሰደፉ የት ነው የሚያርፈው?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ጣቴ ያረፈው ራጁ ላይ ያየነው ቦታ ላይ ነበር።

ሕክምናውን በአጭሩ ልናገር። ሸክም ማቆም፣ እጅን በደረት ላይ ማሻገርና ከራስ በላይ ማንሳት መቀነስ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ መያዝ፣ የትከሻን ጀርባ የሚያጠነክር ቀላል እንቅስቃሴ መሥራት። ካልተሻለው መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ መርፌ አለ። ስኳር ያለበት ሰው ግን ይህን መርፌ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ለጥቂት ቀናት ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የመጨረሻው የአጥንቱን ጫፍ በትንሹ የሚቆርጥ ኦፕራሲዮን ነው። እኔ እስከዚያ አልደረስኩም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የትከሻ ሕመም ሁሉ የእኔ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ስኳር ያለበት ሰው ትከሻው ሊደርቅበት ይችላል። እጁ ወደ ላይም ወደ ጎንም አልሄድ ይለዋል። ያ ሌላ በሽታ ነው፣ አያያዙም ሌላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ታዩ፣ ከዚያ የእኔን ምክር አንብቡ።

ለአለቃዬ ለመንገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እንጀራዬ ነው። «አሞኛል» ያለ ጥበቃ ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ ድሬ በሙቀት ተሸንፋ በተኛችበት ሰዓት ቢሮው ገባሁ። የሐኪሙን ወረቀት ሰጠሁት። አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ ለሦስት ወር መሣሪያ የማይያዝበት በር ላይ መደበኝ። ከአምሳ አለቃው ጋር እንድለማመድም ፈቀደ። ሁሉም አለቃ እንደዚህ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ወረቀት ይዞ መሄድ ባዶ እጅ ከመሄድ በጣም ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ለአምሳ አለቃው «ወደ ግራ ልዛወር ነው» ስለው «አቦ፣ ትከሻው ቀላል ነው። መጀመሪያ ዓይንህን አሳየኝ» አለኝ። ሁለቱን እጆቼን ወደ ፊት ዘርግቼ በመዳፎቼ መካከል ትንሽ ቀዳዳ እንድሠራ አደረገኝ። በቀዳዳው ውስጥ፣ ሁለቱም ዓይኖቼ ተከፍተው፣ ራቅ ያለ የመብራት ምሰሶ እንዳይ አዘዘኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ዓይኔን ጨፍን አለኝ። ግራዬን ስጨፍን ምሰሶው እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ነው። ቀኜን ስጨፍን ምሰሶው ጠፋ። ይህ ማለት የሚያነጣጥረው ቀኝ ዓይኔ ነው ማለት ነው።

ዓይን እንደ እጅ ነው። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። አብዛኛው ቀኝ እጅ ሰው ቀኝ ዓይኑ ይመራል፣ ግን ሁሉም አይደለም። ቀኝ እጅ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚመራው ሰው አለ። እንደዚያ ከሆንክ ዕድለኛ ነህ። ወደ ግራ ስትዛወር ግማሹን መንገድ ጨርሰሃል። እንደ እኔ ቀኝ ከሆንክ ግን ሰደፉ ግራ ላይ ሆኖ ቀኝ ዓይንህ «እኔ ነኝ የማየው» እያለ ይጣላሃል። ያኔ ሰው ሳያውቀው አንገቱን በሰደፉ ላይ አጣሞ ቀኝ ዓይኑን ወደ ማነጣጠሪያው ይወስዳል። አንገት ያማል፣ ሰደፉም ከቦታው ይወጣል። በእኔም ላይ የመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያ ነበር።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ታይዋን ገበያ ሄጄ ቀለም የሌለው መነጽር ገዛሁ። በቀኙ መስታወት ላይ፣ ልክ ዓይኔ በሚያይበት ቦታ፣ ደብዛዛ ፕላስተር ለጠፍኩ። ብርሃን ያስገባል፣ ነገር ግን አያሳይም። ሁለቱም ዓይኖቼ ክፍት ናቸው፣ ማየት የሚችለው ግን ግራው ብቻ ነው። ዓይን በጉልበት ጨፍኖ መተኮስ ፊትን ያጨናንቃል፣ የቀረውም ዓይን ቶሎ ይደክማል። በዚህ ፕላስተር ግራ ዓይኔ ቀስ በቀስ ሥራውን ተረከበ። ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቶብኛል። ፕላስተሩን በየጊዜው እያሳነስኩት ሄድኩ። ዛሬ የአንድ ምስር ፍሬ ያህል ቀርቷል። እሱን ግን አላነሳሁትም።

ቤት ውስጥ የተለማመድኩት በመጥረጊያ እንጨት ነው። መሣሪያው የመሥሪያ ቤት ነው፣ ቤት አይመጣም። የራሱ ያለውም ሰው ቢሆን ልጆች ባሉበት ቤት በጠመንጃ አይለማመድ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ የግድ ነው። ፈቃድ አለኝ ብሎም ጓሮ ውስጥ አይተኮስም። ለጀማሪ እንጨት ይበቃል።

ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ግቢው ትንሽ ነፈስ ሲል እጀምራለሁ። እግሬን ቀየርኩ። ድሮ ግራ እግሬ ነበር የሚቀድመው፣ አሁን ቀኙ። እንጨቱን አነሳለሁ፣ ግራ ጉንጬን አስደግፋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ምልክት አያለሁ፣ አወርዳለሁ። 50 ጊዜ። ባለቤቴ ቁጭ ብላ ትቆጥራለች። «ሃምሳ ሞላ፣ ተወው» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ልጨምር ስል ትቆጣኛለች፣ ልክ ነበረች። የደከመ ጡንቻ ስህተትን ነው የሚለምደው።

ግራ ጣቴ ሌላ ችግር ነበር። ቃታ የሚሳበው በአንድ ጣት ብቻ ነው፣ የቀረው እጅ ጸጥ ማለት አለበት። የእኔ ግራ እጅ ግን ጣቱ ሲታጠፍ አብሮ ይጨመደዳል። በር ላይ ቁጭ ስል ጠቅ የሚል እስክሪብቶ በግራ አመልካች ጣቴ ቀስ ብዬ እጫን ነበር። በቀን ብዙ ጊዜ። ሌሎች ሥራዎችንም ለግራ እጄ ሰጠሁት። ቁልፍ መክፈት፣ ጀበና ማንሳት፣ የባጃጅ ሒሳብ መስጠት። ከመብላት በቀር ሁሉን በግራ አደረግኩ።

ቀኝ እጄስ? ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ወደ ግራ ስትዛወር የታመመው ክንድ ከሥራ አይወጣም። ጠመንጃውን ከፊት የሚደግፈው እሱ ነው። ክላሽ የጥይት ካዝናው ሲሞላ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ክንዴን ዘርግቼ ስይዘው ያው ሕመም ተመለሰ። ያዳነኝ ክርን ማውረድ ነው። የጠመንጃውን የፊት እንጨት ከጫፉ ሳይሆን ወደ ካዝናው ጠጋ ብዬ ያዝኩ፣ ክርኔን ወደ ጎድኔ አስጠጋሁ። እጄ ደረቴን ብዙ አይሻገርም። ተንበርክኬ ወይም በደረቴ ተኝቼ በአሸዋ ከረጢት ላይ ሳስደግፍ ደግሞ ጭራሽ አይሰማኝም።

ሰደፉ የሚያርፍበትን ቦታም እንደ አዲስ ተማርኩ። ለካ ድሮ ወደ ትከሻ ጫፍ አውጥቼ፣ አጥንቱ ላይ ነበር የማሳርፈው። በሽታዬን ያመጣው እሱ ነው አልልም፣ ሐኪሙም ያለው ሸክሙን ነው። ግን እንዳባባሰው አልጠራጠርም። ትክክለኛው ቦታ ከአጥንቱ በታች፣ ወደ ደረት ገባ ያለችው ሥጋማ ጎድጓዳ ናት። ክንድህን ትንሽ ከፍ ስታደርግ በጣትህ ታገኛታለህ። ግራ ትከሻዬን ደግሞ እንደ ቀኙ ማበላሸት አልፈልግም።

ክላሽ ለግራ ሰው መጥፎ አይደለም። መጠበቂያውም (እንዳይተኩስ የሚዘጋው) ማቀባበያውም (ጥይት የሚያጎርሰው) በቀኝ በኩል ናቸው። ግራ እጅህ ቃታው ጋ ሲቆይ ቀኝህ ሄዶ ሁለቱንም ይሠራል። እንደ ምንሽር ያለ፣ በእያንዳንዱ ጥይት በቀኝ በኩል የሚጎተት አሮጌ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ግን ከባድ ነው፣ በግራ እጁ አሻግሮ መድረስ አለበት።

ሆኖም እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። በዓመታት ልምድ መጠበቂያውን የሚመልሰው ቃታ የሚስበው እጄ ነበር። ተኩሼ ስጨርስ ጣቴ ራሱ ይሄዳል፣ አላስብበትም። ወደ ግራ ስዛወር ያ ልማድ ጠፋ። ሁለተኛው የሜዳ ልምምድ ላይ አንድ ጥይት ውስጥ እያለ፣ መጠበቂያውን ሳልመልስ፣ ከመስመሩ ልነሳ ተንቀሳቀስኩ። አምሳ አለቃው በአንድ ድምፅ «ቁም!» አለ። ደርቄ ቀረሁ። መጥቶ ራሱ ዘጋው። ምንም አላለኝም። እጄን ይዞ መጠበቂያው ላይ አስቀመጠውና ሃያ ጊዜ ክፈት ዝጋ አስባለኝ። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው የምሠራው። ስጨርስ በአፌ «ዘጋሁ» እላለሁ፣ ከዚያ ዝቅ ብዬ በዓይኔ አያለሁ። እጅ ስትቀይሩ ሰውነታችሁ የሚያውቀው ጥንቃቄ ሁሉ አብሮ እንደማይዛወር አትርሱ።

ጥይት ከመተኮሴ በፊት ሁለት ወር በባዶ ጠመንጃ ሠርቻለሁ። ካዝናው ወጥቶ፣ ውስጡ በሁለት ሰው ታይቶ፣ አፈሙዙ ወደ አፈር ክምር ዞሮ። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች 5 ነበሩ፣ በ25 ሜትር፣ በደረቴ ተኝቼ። ከ100 ሜትር አትጀምሩ። በቅርብ ርቀት ስህተታችሁ የቱ ጋ እንደሆነ ታያላችሁ።

ክላሽ ቀለሁን፣ የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀፎ፣ የሚተፋው ወደ ቀኝ ነው፣ በኃይል። በቀኝ ትከሻ ስትተኩስ ከአንተ ይርቃል። በግራ ስትተኩስ ግን ፊትህ በዚያው በኩል ነው፣ ደጋፊው ክንድህም እዚያው ነው። ጠዋቱ ሞቆ ስለነበር እጅጌዬን ጠቅልዬ ነበር። ሦስተኛው ቀለህ ክርኔ መታጠፊያ ላይ ወደቀና በተጠቀለለው ጨርቅ ውስጥ ገባ። የጋለ ብረት ነው። ክንዴን ላራግፍ ስል አምሳ አለቃው ጠመንጃውን ወደ መሬት ተጭኖ ያዘው። ጠባሳው ዛሬም አለ፣ የሽንብራ ፍሬ ታክላለች። የድሬ ሙቀት ምንም ቢሆን እጅጌ ይውረድ፣ ቁልፉ ይዘጋ፣ መነጽር ይደረግ። ቢያቃጥልም አታራግፉ። መጀመሪያ ጣት ከቃታ፣ ቀጥሎ መጠበቂያ፣ ከዚያ ክንድ።

በአራተኛው ወር ወደ 100 ሜትር ተመለስኩ። 3 አገባሁ። በሳምንቱ 5። የዘንድሮው ፈተና ላይ 7። ከ7ቱ በላይ ያስደሰተኝ ሌላ ነው። አሥሩንም ስተኩስ ዓይኔ አልተጨፈነም።

ማንገቻውንም ወደ ግራ አዛውሬዋለሁ። ሙሉ ፈረቃ 4 ኪሎ ቀኝ ትከሻ ላይ ማንጠልጠል ራሱ ሕመም ነበር፣ ይህን የተረዳሁት ካወረድኩት በኋላ ነው። ሌሊት በግራ ጎኔ እተኛለሁ። ሐረር ስወጣ፣ ደንገጎን ካለፍኩ በኋላ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ቀኝ ትከሻዬ ትንሽ ያመኛል። ጠፍቶ አልሄደም፣ ሐኪሙም ይጠፋል አላለኝም።

የሚቀረኝ ቆሞ መተኮስ ነው። ተንበርክኬና ተኝቼ እችላለሁ፣ ቆሜ ግን ከስድስተኛው ጥይት በኋላ ቀኝ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። አምሳ አለቃው «አምስት ተኩስ፣ አውርድ፣ ተንፍስ፣ ከዚያ አምስት» ብሎኛል። አሁን እሱን እየሠራሁ ነው። መጥረጊያው እንጨት ጫፍ ላይ አንድ ኪሎ አሸዋ በፌስታል አስሬበታለሁ። ባለቤቴም ቆጠራውን ወደ አምስት አምስት ቀይራዋለች።